ደጅ የሚቀረው ቃል

ሲሪል ታራንት አንድ ቃል ብቻ ቀረው። ዕድሜውን ሙሉ እንግሊዝ አገር ዎልዎርዝ ገበያ ላይ ቆሞ ከቲማቲሙና ከጎመኑ ይልቅ ወሬ የሸጠ ሰው፣ አንድ ጠዋት ሚዛኑ ሥር ተዘረረና ሲያነሱት ምላሱ አልተነሳም። ሐኪሞቹ የአንጎል ደም ሥር ነው አሉ። ቀኝ እጁና ቀኝ እግሩ በድን ሆኑ። ቋንቋውም ጥርግ ብሎ ሄደ፤ የሚስቱ ስም፣ የልጁ ስም፣ ውሃ፣ ሽንት ቤት፣ አዎንና አይደለምን ሳይቀር ይዟቸው ሄደ። የቀረችው “ብላይሚ” ናት።

ሻይ ሲሰጡት ብላይሚ ይላል። መርፌ ሲወጉትም ብላይሚ። አጠገቡ ያሉት ሽማግሌ ሞተው መጋረጃው የተሳበ ዕለትም ያችኑ አላት፤ ዝግ አድርጎ። ነርሶቹ ወደዱት። አንዳንዷ ገና ከበሩ ስትገባ “ብላይሚ፣ ሲሪል” ትለዋለች፤ እሱም ይመልስላታል፤ በቃ ተጨዋወቱ ማለት ነው።

ሚስቱ አይቪ በየቀኑ በአውቶቡስ እየመጣች አልጋው አጠገብ ትቀመጣለች፤ ካፖርቷን አታወልቅም። እንዴት ነሽ ሲሏት “ደህና ነኝ” ትላለች፤ ደግሞ አልዋሸችም። ምንም አይሰማትም። ጥርሱን ሊያስነቅል ማደንዘዣ የተወጋ ሰው ጉንጩን ሲነካው የሌላ ሰው ጉንጭ እንደሚመስለው፣ አይቪም ሰውነቷን በሞላ እንዲያ ሆናለች። አላለቀሰችም። ባሏ በወደቀበት ዕለት ማታ ድንች ልጣ፣ ቀቅላ፣ ለሁለት ሰው አቅርባ በላች፤ የእሱን ድርሻ መልሳ ድስት ውስጥ ከተተችው።

የቃሉን ነገር ካላወቃችሁ የአይቪም ነገር አይገባችሁም። በዚያ ሰፈር ብላይሚ የማይል ሰው የለም። ሲገርማቸውም፣ ሲከፋቸውም፣ ብርቱካን ሲወደድም እሷኑ ነው። የቃሉ ሥር “እግዜር ዓይኔን ያጥፋው” የሚል መሐላ ነበር፤ ስንትና ስንት አፍ ሲያኝከው ኖሮ ዛሬ እግዜርም ዓይንም የሉበትም። እኛ ዓይኔን ያጥፋው ስንል ምን እንዳልን እናውቃለን። እነሱ ሲውል ሲያድር ረሱት። ያልተረሳው ቃሉ የማን እንደሆነ ነው፤ የገበያ፣ የወደብና የመጠጥ ቤት ነው። ብላይሚ ያለ ሰው በየትኛው መንገድ እንዳደገና አባቱ ምን ተሸክሞ እንደኖረ ወዲያው ይታወቅበታል፤ ባንክ ገብቶ ብድር የሚጠይቅ ሰው አፉን ጠበቅ አድርጎ ነው የሚገባው።

አይቪ ደግሞ የሰባኪ ልጅ ናት። አባቷ በሳምንቱ ቀናት ቧንቧ ይጠግኑ፣ እሑድ እሑድ በትንሿ ጸሎት ቤታቸው ቆመው ይሰብኩ ነበር። ሲሪል ሊያጫት ሲመጣ ለእሑድ ምሳ ተቀመጡ። ሥጋው ቀረበ፣ መረቁ ፈሰሰበት፣ ልጁ አንዴ ጎረሰና “ብላይሚ፣ ሥጋ ማለት ይሄ ነው” አለ።

አባትየው ሹካቸውን አስቀመጡ። “ልጄ፣ አሁን ምን ብለህ እንደለመንክ ታውቃለህ?”

“ጣፈጠኝ ነው ያልኩት፣ ጌታዬ።”

“እግዜር ዓይንህን እንዲያጠፋልህ ነው የለመንከው። በእኔ ማዕድ ላይ እንዲህ ያለ ጸሎት አይጸለይም።”

“ታዲያ ሲገርመኝ ምን ልበል?” አለ ሲሪል። ከልቡ ነበር የጠየቀው፤ ሌላ ቃል አያውቅማ።

አይቪ አንገቷን እንደደፋች፣ “ክራምስ በል” አለችው።

ክራምስ የዳቦ ፍርፋሪ ማለት ነው። ደህና ቤት ያደጉ ልጃገረዶች፣ ትምህርት ቤት በባርኔጣና በጓንት የሚሄዱቱ፣ ሲገርማቸው ይሏታል። ዓይን አታጠፋ፣ ማንንም አትነካ፤ ከጠረጴዛ የምትራገፍ ነገር ናት። ሲሪል ትንሿን ጣቱን እንደ ወይዘሮ ቀጥ አድርጎ “ክራምስ” አለ። አባትየው አልሳቁም። አይቪ ግን መሳቢያ ውስጥ የምትፈልገው ነገር እንዳለ ሁሉ ጎንበስ ብላ ሳቀች፤ እሱንም ያገባችው ለዚያች ሳቅ ነው ብል ብዙ አልተሳሳትኩም።

ከተጋቡ በኋላ ሕጉን አወጣች። ብላይሚ ደጅ ይቀራል። ገበያ ላይ እንደፈለገህ ሁን፣ እዚህ ግን ልጅ እናሳድጋለን አለችው። ሲሪልም ተስማማ፣ ከዚያም ባህል አደረገው። ማታ ማታ ደረጃውን ወጥቶ በሩን ይከፍትና ምንጣፉ ላይ ግራውን፣ ከዚያ ቀኙን፣ ሸርተት ሸርተት አድርጎ እግሩን ይጠርጋል፤ ጠርጎ ሲጨርስ “ክራምስ” ይላል። ምላሴን ቀየርኩ ማለቱ ነው። ሲቆይ ግን ቀልድነቱ ቀረና እንዲሁ መጣሁ ማለት ሆነ። ትዳር በያዙበት ዘመን ሁሉ ሲሪል በሩ ላይ ቆሞ መጣሁ ብሎ አያውቅም። አይቪም ክራምስን ስትሰማ ነው ማንቆርቆሪያውን የምትጥደው።

እንግዲህ ያ ሁሉ ሄዶ የገበያዋ ቀረች። አይቪ አንድ ቀን የንግግር ሐኪሟን ጠየቀቻት። ሮዊና ትባላለች፤ ወጣት ናት፣ ትሑት ናት፣ ጫማዋ አይሰማም።

“ለምንድነው ያቺ ብቻ የቀረችው?”

“እንዲህ ያሉት ቃላት ከሌሎቹ ጋር አይቀመጡም፣ ሚስስ ታራንት” አለች ሮዊና። “ሰው አስቦ አይደለም የሚላቸው። ገና ልጅ ሳለ የገቡ፣ ጥልቅ ቦታ ያሉ ናቸው። ሌላው ሲጠፋ እነሱ ይተርፋሉ።”

“ጥልቅ ቦታ” አለች አይቪ።

“አዎ።”

አይቪ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አስተካከለች። ያ ጥልቅ ቦታ ገበያው እንጂ የእሷ ቤት አልነበረም ማለት ነው። ይህ ሊያማት ይገባ ነበር። እንደሚገባም አወቀች፤ ሕመሙ ግን አልመጣም።

ሞሪስ ሊጠይቀው መጣ። ሞሪስ ከሲሪል ጎን ዓሣ የሚሸጠው ነው፤ እጁን ምንም ቢታጠበው ይሸታል፣ ለዚህ ብሎም በሆስፒታሉ ሳሙና ሁለት ጊዜ ታጥቦ ነው የገባው። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ።

“ቡድናችን ደግሞ ተሸነፈልህ።”

“ብላይሚ።”

“እኔስ ምን አልኩህ? ያ በረኛ ሰው አይደለም አላልኩህም? ሚዛንህን ደግሞ ሸፍኜልሃለሁ። አንድ ኮበሌ መጥቶ ቦታውን ልከራይ አይለኝ መሰለህ።”

“ብላይሚ” አለ ሲሪል፣ ጠንከር አድርጎ።

“እኔም ያልኩት እሱኑ ነው። እንደውም ካንተ ትንሽ ጨመር አድርጌ ነው ያልኩት።” ከዚያ ወደ አይቪ ዞረ። “የኔ ቆንጆ፣ ሰውዬሽ እኮ ሙሉ ነው። ምን ጎደለው? ድሮም ከዚህ የተሻለ ነገር ሲናገር ሰምቼው አላውቅም።”

ሲሪል በደህናው ግማሽ ፊቱ ሳቀ። አይቪም ፈገግ አለች፣ ሲያዩዋት ፈገግ ማለት እንደሚገባ ስለምታውቅ።

“ቤት እንዲህ አይልም” አለች።

“ቤት ምን ይላል ታዲያ?”

አይቪ የባሏን ብርድ ልብስ ወደ ላይ ሳበችለት። ያች ቃል የሁለቱ ነበረች፤ ለዓሣ ሻጭ አትነገርም።

እሑድ ልጃቸው ኮሊን ከኬንት መጣ። ኮሊን የእንግሊዝኛ መምህር ነው። አነጋገሩን ዩኒቨርሲቲ ገብቶ አጥቦታል፤ ብላይሚ የሚለው ተማሪዎቹን ሊያስቅ ሲፈልግ ብቻ ነው። እሱ ሲድካፕ ውስጥ አንድ የአረጋውያን መኖሪያ አይቷል፤ አትክልት አለው፣ ነርሶች አሉት፣ ክፍልም ተለቋል። ማን እንደለቀቀው አልተናገረም። ወጥ ቤት ተቀምጠው ሻይ ጠጡ።

“እማ፣ ደረጃው ብቻውን እኮ ይገድልሻል።”

“አውቃለሁ።”

“ማንሣት አለ፣ ማጠብ አለ፣ ሌሊት መገልበጥ አለ። እሱ ደግሞ ትልቅ ሰውዬ ነው።”

“አውቃለሁ አልኩህ።”

“ታዲያ ሐሙስ የሆስፒታሉ ስብሰባ ላይ ምን ልትያቸው ነው?”

“መጀመሪያ እሱን ይጠይቁታል። የት መኖር እንደሚፈልግ ማሳወቅ ከቻለ የእሱ ፍላጎት ይቀድማል አሉ። ካልቻለ እኔን ይጠይቁኛል።”

“አይችልም እኮ፣ እማ።”

“አይችልም” አለች።

ልንገራችሁ፣ አይቪ ሲሪል ወደ ቤት እንዲመለስ አልፈለገችም። ክፉ ሆና አይደለም። ጀርባዋ አርጅቷል፣ ደረጃው ብዙ ነው፣ ያን ከባድ ሰውነት ለብቻዋ ስታገላብጥ ራሷን አስባ አይታዋለች። ከዚያ ሁሉ የባሰባት ግን ሌላ ነው። ደጅ የቀረችው ቃል ከነተሽከርካሪ ወንበሩ ገብታ ከጠዋት እስከ ማታ ወጥ ቤቷ ውስጥ ልትቀመጥ ነው። ሲሪል ይመጣል፤ ግን በሩ ላይ መጣሁ የሚላት ሰው አይመጣም። ይህን ለኮሊን አልነገረችውም፣ ለማንም አልነገረችም። ሐሙስ ሲጠይቋት ሲድካፕ ልትል ቆርጣለች።

“ምናለ ክራምስን እንኳ ቢል” አለች፣ ሲኒዎቹን እየሰበሰበች።

ኮሊን ፈገግ አለ። “ክራምስም እኮ ያው ናት፣ እማ።”

“ምኗ?”

“ክርስቶስ ማለት ናት። ሰዎቹ ተናደው ክርስቶስን ሊጠሩ ይሉና፣ በከንቱ መጥራቱን ይፈሩና፣ ክር ብለው ጀምረው ወደ ክራምስ ይጠመዝዙታል። የተደበቀ ስም ናት። ክፍል ውስጥ አስተምረዋለሁ፤ ልጆቹ በጣም ነው የሚወዱት።”

አይቪ ሲኒውን እንደያዘች ቆመች። “አባቴ ያውቅ ነበር?”

“እንጃ። አያቴን ደፍሮ የሚጠይቅ ሰው ነበር እንዴ?”

እንግዲህ ፍረዱ። በአባቷ ማዕድ ላይ፣ በገዛ አፏ፣ ከመሐላ አድንሃለሁ ብላ የጌታን ስም ነበር ያቀበለችው። ከዚያ ወዲያ ስንት ዓመት ሲሪል ያን ስም ምንጣፍ ላይ ሲጠርግባት ኖረ፤ እሷም ማንቆርቆሪያ ስትጥድ። አይቪ ቆማ አንድ ነገር እስኪሰማት ጠበቀች። ቁጣም ሳቅም አልመጣ። ሲኒውን አጠበችው፣ አደረቀችው፣ ቦታው መለሰችው። ኮሊን እናቱ የተቀየመችው መሰለውና ወሬ ለወጠ። እሷ ግን የምታስበው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ከሁለቱ ቃላት አንዱም ንጹሕ ካልነበረ ያ ሁሉ ድካም ለምን ነበር?

ሐሙስ ስብሰባው በአንዲት ጠባብ ክፍል ሆነ። ሮዊና አለች፣ ከማኅበራዊ ጉዳይ የመጣች መነጽር ያደረገች ሴት አለች፣ ሲሪል በተሽከርካሪ ወንበሩ አለ፣ አይቪም አጠገቡ ካፖርቷን እንደለበሰች ተቀምጣለች። ኮሊን ትምህርት ስላለው አልመጣም። ሻይና በቅቤ የተጋገረ ብስኩት ቀርቧል።

ሮዊና ሁለት ፎቶግራፎች ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። ኮሊን ነው ያመጣቸው። አንዱ ላይ የሲድካፑ ቤት ከነአበባው ይታያል። ሌላኛው የእነ አይቪ የቤት በር ነው፤ አረንጓዴ ቀለሙ የተላጠ፣ ምንጣፉ ከሥሩ።

“ሲሪል፣ የት መኖር ይፈልጋሉ? በደህናው እጅዎ ያሳዩን።”

ሲሪል በደህናው እጁ ብስኩት አነሳ። “ብላይሚ” አለና ገመጠ።

ሮዊና አልተቆጣችም። ጠብቃ እንደገና ጠየቀችው፤ አበባውን ነካ። ፎቶዎቹን ግራና ቀኝ ለዋውጣ ጠየቀችው፤ አሁን በሩን ነካ። አሁንም ለዋወጠች፣ እሱም አሁንም ወደ እጁ የቀረበውን ነካ። መነጽር ያደረገችው ሴት ትንሽ ተነፈሰችና ጻፈች።

“ይበቃል” አለች ሮዊና በዝግታ። “ደክሞታል።”

ሴትየዋ ወደ አይቪ ዞረች። “እንግዲህ ሚስስ ታራንት፣ የእርስዎን ሐሳብ ብንሰማ።”

አይቪ ሲድካፕ ልትል አፏን ከፈተች። ያኔ ከጠረጴዛው ሥር አንድ ድምፅ ሰማች። ወደ ታች አየች። የሲሪል ግራ እግር በነጠላ ጫማው ወለሉን ሸርተት፣ ሸርተት ያደርጋል። ከዚያ ሰውዬው ብስኩቱን ጣለና በግራ እጁ ሱሪውን ቀኝ ጉልበቱ ላይ ጨብጦ፣ የሞተውን እግር ጎትቶ አንድ ጊዜ፣ ደግሞ ጎትቶ ሌላ ጊዜ፣ ወለሉ ላይ አስጠረገው። ሮዊና ወንበሩ ያልተመቸው መስሏት ትራሱን ልታስተካክልለት ተነሣች። ሲሪል ግን ዓይኑን ከአረንጓዴው በር ላይ አላነሣም።

“ክራምስ” አለ።

ሮዊና ፊቷ በራ። “ሰማችሁት? አዲስ ቃል አለ።” ጭኑን አየችው፤ ብስኩቱ ተፈርፍሮበታል። “አዎ ሲሪል፣ ፍርፋሪ ነው። ጎሽ።” በናፕኪን አራገፈችለት። “አንድን ነገር በስሙ ጠራ፣ ሚስስ ታራንት። ትልቅ ነገር ነው ይሄ።”

“ነው” አለች አይቪ።

በሮዊና አትፍረዱ። ሲገርማቸው ክራምስ የሚሉት ሰዎች ከአያቶቿ ጋር ተቀብረዋል፤ ያየችው ደግሞ ፍርፋሪ ነው።

ክፍሉ ውስጥ የሆነውን የሚያውቁት ባልና ሚስቱ ብቻ ነበሩ፤ ከሁለቱ መናገር የምትችለው አንዷ ናት። ዝም ብትል ማንም እስከ መቃብር አይደርስባትም። ሲድካፕ ትላለች፣ ሁሉም አዝኖላት ራሱን ይነቀንቃል፣ እሑድ እሑድ አበባ ይዛ ትሄዳለች። ደረጃውን አሰበች። ሌሊት ያን ሰውነት ማገላበጡን አሰበች። ከዚያ ያችን የሞተች እግር ጎትቶ ሲያስጠርጋት እንደገና ታያት። ከነሕጉ ነበር የመጣው። ግራውን፣ ከዚያ ቀኙን።

“ፍርፋሪውን ማለቱ አይደለም” አለች።

“ምን አሉ?”

“ቤት ሲገባ ነው እንዲህ የሚለው። እግሩን ይጠርጋል፣ ከዚያ ክራምስ ይላል። መጣሁ ማለቱ ነው። አሁንም ጠረገ፣ አይቼዋለሁ። ቤቴ ነው ያላችሁ።”

ሮዊና ቁጭ አለች። “ሚስስ ታራንት፣ አይከፋዎትና፣ ሰው በጣም ሲመኝ አንዳንዴ ያልተባለውን ይሰማል።”

“እኔ አልተመኘሁም” አለች አይቪ። “እንዲመጣ አልፈለግሁም ነበር።”

ሴትየዋ እስክሪብቶዋን ያዝ አደረገች። “ታዲያ እርግጠኛ ነዎት? በዚህ ላይ ነው የምንወስነው።”

አይቪ ቀጥ ብላ ተቀመጠች። በሕይወቷ ብላይሚ ብላ አታውቅም፤ አሁንም አላለችም። ገበያው ያላኘከውን፣ አባቷ ሹካቸውን አስቀምጠው የተረጎሙትን፣ ሙሉውን፣ እያንዳንዱን ቃል ለይታ ተናገረችው።

“ከዋሸሁ እግዜር ዓይኔን ያጥፋው።”

ሴትየዋ ጻፈችው። አይቪ ራሷ ግን ፈራች። የሚመጣውን ክረምት ፈራች፣ ደረጃውን ፈራች፣ የማለችበትንም ፈራች፤ ሲሪል ከወደቀ ወዲህ የተሰማት የመጀመሪያ ነገር ይህ ፍርሃት ነበር፣ እስከ ጥርሷ ድረስ ተሰማት።

ሲሪል ቀስ ብሎ አንገቱን አዞረና ሚስቱን ትክ ብሎ አያት።

“ብላይሚ” አለ።

“እሷ ደጅ ትቀራለች” አለችው አይቪ፣ እጇን በእጁ ላይ አድርጋ።